ያረጀ የፒክ አፕ ሞተር ከመከፈቱ በፊት

ነጋዴ የሆነ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የመጋዘኑን ዕቃ ያስቆጥራል፤ የባንክ ሒሳቡን ያመሳክራል፤ የተበዳሪዎቹን ስም በመዝገብ ያሰፍራል። ነገር ግን ዕቃውን ከመርካቶ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁም ወደ ደንበኛው ደጅ የምታመላልሰው አሮጌ ፒክ አፕ ሞተሯ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ በቆመች ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚከፈለው የመጎተቻ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ለደንበኛ የተሰጠው ቃል ይታጠፋል፤ የተጫነው ዕቃ የሚበላሽ ከሆነም ኪሳራው ይደረባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባለቤቱ በጭንቀት ላይ ሳለ «ሞተሩ ይከፈት» የሚል ምክር ሲሰጠው ሳያመዛዝን እሺ ማለቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ውሳኔ ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ አገር በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጥሎአል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የመለዋወጫ ዕቃም ዋጋ አብሮ ወጣ። በሌላ በኩል ደግሞ በፒያሳና በአካባቢው በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ሱቆች ከነበሩበት ስለተነሡ፣ ቀድሞ ከአራዳና ከውቤ በረሃ ሳይርቅ ዕቃውን በተሸካሚ ያደርስ የነበረው ነጋዴ ዛሬ ደንበኛውን ፍለጋ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ይነዳል። አሮጌዋን ሸጦ አዲስ መግዛት ለብዙዎቻችን የማይቻል በመሆኑ፣ ያለችውን በዕውቀት መያዝ ግድ ሆኖብናል።

ጉልበቱን የወሰደው ማን ነው?

የባለ ፒክ አፕ የመጀመሪያ አቤቱታ «ጉልበት አነሳት» የሚል ነው። ከለገሃር ጭና በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትል ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ይህን የሚያይ ሰው ሞተሩ አልቆአል ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው አንድ የተፈጥሮ ነገር አለ።

ሞተር የሚሠራው ነዳጅና አየር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተመሠረተች ስለሆነች፣ የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ጋር ሲመዛዘን ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ማናቸውም ሞተር ወደ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በፋብሪካው መጽሐፍ 80 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተጻፈለት ሞተር፣ ዛሬ ከሳጥኑ የወጣ አዲስ ቢሆን እንኳ፣ በአራዳ የሚሰጠው 60 ገደማ ነው። በጣርማ በር በኩል ወደ ወሎ የሚጓዘውማ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ አንድ ሦስተኛውን ያህል ያጣል። ይህን ጉድለት ማንም መካኒክ ሞተር በማደስ አይመልሰውም። ሊመለስ የሚችለው በእርጅና፣ በቆሻሻና በሙቀት የጠፋው ጉልበት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያልለየ ነጋዴ ሊገዛ የማይችለውን ነገር ለመግዛት ገንዘቡን ያወጣል።

ለመለየት የሚያገለግለው መሣሪያ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ነው። ካንዴላው ይወጣና መለኪያው በቀዳዳው ይገባል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያሽከረክረው እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል አምቆ እንደሚይዝ ይነበባል። ሥራው ቀላል ቢሆንም ሥነ ሥርዓት አለው፤ ሞተሩ በሥራ የሞቀ፣ ባትሪው የጠነከረ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ የወጡ፣ የቤንዚን መርገጫውም እስከ መጨረሻው የተረገጠ መሆን አለበት። የናፍጣ ሞተር ግፊቱ እጅግ የበረታ ስለሆነ መለኪያው ሌላ ነው።

ስሕተት የሚበዛው ንባቡ ላይ ነው። በፋብሪካው መጽሐፍ የሚገኘው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ አየር የተሰጠ ነው። መጽሐፉ በካሬ ሳንቲ ሜትር 12 ኪሎ ቢል፣ ጤነኛው ሞተር በአዲስ አበባ የሚያሳየው 9 ገደማ ነው። እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት የቤንዚን ሞተር ያላት አሮጌ ፒክ አፕ አለችው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ለክቶ በአራቱም ሲሊንደር 9 ገደማ ስላገኘ፣ መጽሐፉን ገልጦ 12 የሚለውን አሳየንና ፒስተኖቹ ከነቀለበታቸው እንዲለወጡ፣ ሲሊንደሮቹም እንዲሰፉ የዋጋ ማቅረቢያ ላከልን። አሠሪዬ ከመፈረማቸው በፊት ሌላ መካኒክ እንዲያያት ተደረገ። እኒህ ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ንባቦቹን በወረቀት ላይ ጽፈው 9፣ 9.1፣ 8.9፣ 9 መሆናቸውን አሳዩንና አራቱ እንዲህ ተቀራርበው ሳለ ሞተር መክፈት ምክንያት የሌለው መሆኑን አስረዱን። በመጨረሻ የተገኘው በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተቃጠለ ፑንቲናና ዘግይቶ የሚሰጥ እሳት ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ተስተካከለ። የተከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ከተጠየቀው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ ሞተሩም እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

እንግዲህ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሲሊንደሮቹ መመሳሰል ይመረመር። ንባቡ 9፣ 9፣ 6፣ 9 ቢሆን ሦስተኛው በእውነት ታሞአል። የበሽታውን ዓይነት ለማወቅ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደ ገና መለካት ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበት ወይም ሲሊንደሩ አልቆአል፤ ካልተለወጠ ቫልቩ አይገጥምም፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶአል። ቫልቭ ብቻ ከሆነ ቴስታታውን አውርዶ ማሠራት ይበቃል፤ የታችኛውን የሞተር ክፍል መንካት አያስፈልግም። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ መሆኑን ጋራዥ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

(በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ፣ ፒያሳ የሚለው የሰፈራችን ስም ጭምር፣ የጣሊያን ቋንቋ ናቸው። መኪናው ከጃፓን ቢመጣም አካሉ የሚጠራው በጣሊያንኛ ነው፤ ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚላክ ጸሐፊ ይህን መዝገበ ቃላት ካላወቀ ሌላ ዕቃ ይዞ ይመለሳል።)

የራዲያተር ክዳን ጉዳይ

አሮጌ ሞተርን ከምንም በላይ የሚገድለው ሙቀት ነው። በዚህ በኩል ከፍታችን ሁለተኛ ዕዳ ጥሎብናል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር በጤናው ጊዜ የሚሠራው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ በመካከሉ የሚቀረው ርቀት ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም። ይህን ጠባብ ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላና ጎማ አማካይነት ውኃውን በግፊት አፍኖ ይይዘዋል። 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደኅና ክዳን በኛ ከተማ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ምንም አልያዘም፤ ውኃው እንደ ክፍት ጀበና በ92 ይፈላል።

በሞተሩ ላይ ካሉት ዕቃዎች በዋጋ ከረከሱት አንዱ ይህ ክዳን ነው። ሆኖም ስንቱ ፒክ አፕ ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክና በጨርቅ ተወትፎ ሲሄድ እናያለን! ከሌላ መኪና የወጣ የማይመጥን ክዳን የሚያደርጉም አሉ። ውኃ እያፈላች በየዳገቱ የምትቆም መኪና ያለችው ሰው ራዲያተሩን ከማስፈታቱ በፊት ይህን ክዳን በአዲስ ይለውጥ፤ ቁጥሩም በመጽሐፉ ከታዘዘው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ።

ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ብዙ መካኒኮች «አገራችን ሞቃት ስለሆነ አያስፈልግም» ይላሉ። አራዳ በጥቅምት ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ንግግር መቀበል የለበትም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ ከውቤ በረሃ መርካቶ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይቀራል። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ በዘይቱ ውስጥ ውኃና ጥቀርሻ ይጠራቀማል፤ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውኃው ወደ ራዲያተሩ መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ፣ ሙቀቱ ይቀንሳል ሲባል ይብሳል። የቶዮታ የጥገና መጽሐፎች ሞተሩ ቢሞቅም እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ የሚያስጠነቅቁት ስለዚህ ነው።

ውኃውንም በተመለከተ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ በሞተሩ ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ዝገት የሚከላከለው ባለ ቀለም ፈሳሽ ከተጣራ ውኃ ጋር ተደባልቆ ይጨመር፤ በ2 ዓመት አንድ ጊዜም ይለወጥ። የፖምፓው ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ካላለፈ ውጥረቱ ደኅና ነው።

ለሾፌሩ የሚሰጠው ትእዛዝ በጽሑፍ ቢሆን መልካም ነው። የሙቀቱ መርፌ ከተለመደው ቦታ ባለፈ ጊዜ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ያጥፋ፤ ክዳኑን ትኩስ ሳለ አይክፈት፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስስ። «ትንሽ ቀርቶናል፣ እንድረስ» በማለት የተነዱ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትሮች ቴስታታውን ያጣምማሉ ወይም ይሰነጥቃሉ። ደግሞም ውኃው ጨርሶ ካለቀ የሙቀት መለኪያው በባዶ ቦታ ስለሚቀር መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ መርፌው በድንገት መውደቁም እንደ መውጣቱ ያስፈራ።

አየርና ነዳጅ

ካርቡራተር ያለው የቤንዚን ሞተር ለባሕር ጠረፍ እንደ ተዘጋጀ ሲመጣ፣ በኛ ዘንድ አየሩ ስለሚያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ምልክቱ የጠቆረ ካንዴላ፣ የቤንዚን ሽታና የተበላሸ የሊትር ሒሳብ ነው። መድኃኒቱ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ የያዘችውን ትንሿን ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ ብሎን መለወጥና የእሳቱን ሰዓት በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ነው። ይህ ግን ለደጋ የተደረገ ማስተካከያ መሆኑ አይረሳ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ወደ አዋሽ የሚወርደውም እንዲሁ። እዚያ አየሩ ስለሚወፍር፣ ለአዲስ አበባ የተስተካከለው ሞተር በቆላው ቤንዚን ያንሰዋል፤ በዳገት ላይም እንደ መዶሻ ሊያንኳኳ ይችላል። ዘወትር ወደ ቆላ የሚጭን ነጋዴ ይህን ለመካኒኩ አስቀድሞ ይንገር።

በናፍጣ ሞተር ያለው ፈተና ሌላ ነው። ጉልበት እንዲጨምር በማለት የናፍጣውን ፖምፓ ብሎን አዙሮ ነዳጁን የሚያበዛ መካኒክ አይጠፋም። የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ ቢጨመር ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው፤ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ የሞተሩም ሙቀት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪናይቱ የበረታች ስለምትመስል ባለቤቱ ይደሰታል። ለደጋ አየር ናፍጣውን በመጠኑ መቀነስና ኢንጀክተሮቹን በመሣሪያ ማስፈተሽ የተሻለ ነው። ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ በወጣ አሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ ማሰርን በተመለከተ፣ አየሩን ይጨምራል መባሉ እውነት ቢሆንም፣ ያረጀው ቴስታታና ያረጀው ብሮንዚና የሚሸከሙት ግፊትና ሙቀት ስለሚበዛ ለንግድ መኪና አልመክረውም።

ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ የቤንዚን ሞተር ያለው ካለ አንድ ነገር ይወቅ። አገራችን እርሳስ የተቀላቀለበትን ቤንዚን የተወችው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያ እርሳስ ለጤና ጎጂ ቢሆንም የድሮዎቹን ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ቴስታታው ለሌላ ምክንያት በወረደ ጊዜ ጠንካራ የብረት መቀመጫ እንዲገባለት ማድረግ ይገባል።

ጭሱንም ማንበብ ይጠቅማል፤ ጥቁሩ የነዳጅ ብዛት ወይም የአየር እጥረት፣ ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይት፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጠው ነጩ ደግሞ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባ ውኃ ወይም በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው።

የጸሐፊው ድርሻ

ይህ ሁሉ የመካኒክ ሥራ ነው ተብሎ ለጋራዥ ብቻ መተው የለበትም። በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ ደብተር የሚይዝ ሰው ካለ የሞተሩን ጤና ከመካኒኩ በፊት ሊያውቅ ይችላል። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ታንኩ ይሞላ፤ ኪሎ ሜትሩና ሊትሩ ይጻፍ። በ45 ሊትር 360 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና በ1 ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። ይህ ቁጥር ቀስ በቀስ ወደ 6.5 ቢወርድ፣ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ለምትሠራ መኪና የወር ነዳጅዋ ከ188 ሊትር ወደ 231 ሊትር ያድጋል፤ ይኸውም በየወሩ 43 ሊትር ያህል በከንቱ ይቃጠላል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የታፈነ ፊልትሮ፣ የተጣበቀ ፍሬን ወይም ያልተነፋ ጎማ ነው። ሾፌሩን በነዳጅ ሌብነት ከመጠርጠር በፊት እነዚህ ይታዩ፤ ከታዩ በኋላም ቁጥሩ ካልተስተካከለ ሌላው ጥያቄ ይነሣ።

ዘይትም እንዲሁ ይጻፍ። አሮጌ ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ከነፊልትሮው ቢለወጥ ይበጃል፤ በከተማው መጨናነቅ ቆሞ የሚሠራበት ሰዓት ብዙ ከሆነም ከዚያ በፊት። በመካከሉ የሚጨመረው ልክ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር ካለፈ፣ መጀመሪያ የሚፈስበት ቦታ እንዳለ ከሥር ይታይ፤ ካልፈሰሰ ግን እየተቃጠለ ነውና የግፊቱ ልኬት ይደረግ። የካሙን ዘንግ በጎማ ቺንጋ የሚያዞሩ የናፍጣ ሞተሮች፣ ብዙዎቹ አሮጌ የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ጭምር፣ ያ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት፤ ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል። መኪናይቱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እጅ ስትገዛ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ አልተለወጠም ብሎ መቁጠር ይሻላል።

የዘይትና የመለዋወጫ ዕቃ ሐሰተኛው በገበያ የበዛ መሆኑን ለነጋዴ መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ይሆናል። ብቻ ሙሉ ደረሰኝ ከማይሰጥ ሱቅ የተገዛ ፊልትሮ የሚያተርፈው ብር፣ ብሮንዚና ሲቃጠል ከሚወጣው ጋር ተመዛዝኖ ይታይ።

ሞተሩ በእውነት አልቆ ከተገኘና በሌላ ያገለገለ ሞተር ለመለወጥ ከታሰበ፣ ከመግዛት በፊት ያው የግፊት ልኬት ይደረግለት፤ የሻጩ ሰነድም ይመርመር። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ለዓመታዊ ምርመራ የቀረበች መኪና ትመለሳለች፤ ባለቤቱም የሞተሩን መነሻ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

መኪናይቱ ወደ ጋራዥ ስትላክ ሾፌሩ ባዶ እጁን አይሂድ። በንግድ ቤቱ ማኅተም በታተመ አንድ ገጽ ላይ ችግሩ መቼና በምን መንገድ ላይ እንደ ታየ፣ የመጨረሻው የዘይት ለውጥ ቀን፣ የሊትር ሒሳቡም ይጻፍ። በዚያው ገጽ ከማናቸውም መፍታት በፊት የአራቱም ሲሊንደር ንባብ በቁጥር ተጽፎ እንዲሰጥ፣ የሥራው ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ተለውጦ የሚወጣው አሮጌ ዕቃም በከረጢት ሆኖ ከደረሰኙ ጋር እንዲመለስ ይጠየቅ።